ጨጓራ በሙሉ ድምፅ

ሰባት ዓመት ሙሉ ጨጓራ አለብሽ ተብዬ ኖሬአለሁ። ጨጓራዬ ግን ጤነኛ ነበር፤ ዛሬም ጤነኛ ነው። ሚጥሚጣ ብነሰንስበት፣ ሎሚ ብጨምቅበት፣ በባዶው ሻይ ባፈስበት ቅር አይለውም። የታመመው ከእሱ ዝቅ ብሎ ያለው ነበር። እሱን ደግሞ በዚያ በደርግ ጊዜ፣ ቢያንስ እኛ ግቢ ውስጥ፣ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም።

የምሠራው ድሬዳዋ፣ አብዮቱ ከአንድ ነጋዴ የወረሰው የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት ነው። ለሠራዊቱ ካኪ ሱሪና ካኪ ሸሚዝ እንሰፋለን። ሥራው በመስመር ስለሆነ እያንዳንዳችን የምንሰፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠሪያችንም እሱው ነበር። እኔ ኪስ ነኝ። ከጎኔ ያለችው ሶማሌ ጓደኛዬ ዚፕ ናት። ከፊታችን ያሉት አሮጊት ደግሞ ቀበቶ ማስገቢያ ይባላሉ። «ኪስ ዛሬም ቀርታለች» ከተባለ፣ ኪስ የሌላቸው ሱሪዎች ጠረጴዛዬ ላይ ይቆለላሉ፣ ዚፕ ሥራ ትፈታለች፣ ቀበቶ ማስገቢያም ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሆዴ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ መስመሩ ሁሉ ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቀው ነበር።

የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ሰው አይደለሁም። ሕመሙ ከወገቤ ይነሳና ወደ ፊት ይዞራል፤ ከዚያ ሁለት ሴቶች የታጠበ ብርድ ልብስ ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚጠመዝዙት ይጠመዝዘኛል። አልጋ አይስማማኝም፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል ብዬ ወለሉ ላይ ነው የምተኛው። እናቴ መጀመሪያ ዓይን በልቷታል ብላ ጠበል አመላለሰችኝ። ቀጥላ በባቡር ኤረር ፍል ውሃ ወስዳ ዘፈዘፈችኝ። ከዚያ የተመለስኩት ቀልቼ ነው እንጂ ድኜ አይደለም።

በግቢያችን ጥግ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ድሬሰር ያለበት ክሊኒክ ነበር። ድሬሰር ማለት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማረ ሰው ነው። እኛ ግን ሁላችንም «ዶክተር» ነበር የምንላቸው፤ እሳቸውም አልከለከሉንም። ሆስፒታል ለመሄድም ሆነ የሕመም ፈቃድ ለማግኘት የእሳቸው ወረቀት የግድ ነው። ያለ እሳቸው ወረቀት የቀረ ሰው፣ ሞቶም ቢሆን፣ የቀረው ሰንፎ ነው።

እውነቱን ልናገርና ደግ ሰው ነበሩ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በሁለተኛው ወር ተሰዳድበን እገላገል ነበር። «ነይ የኔ ልጅ፣ አረፍ በይ» ብለው ያስተኙኛል፤ በሁለት ጣታቸው ከእምብርቴ በላይ ጫን ጫን ያደርጋሉ። እኔ ከዚያ በታች ነው እላለሁ። እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከእምብርት በታች እንኳን በጣታቸው በዓይናቸውም አይደርሱም። ጨጓራ ነው ይላሉ፣ ካርዴ ላይ ይጽፋሉ፣ ከቤት ባመጣሁት ጠርሙስ ያንን ኖራ የመሰለ ነጭ መድኃኒት ይቀዱልኛል፣ እኔም ጎብጬ ወደ ኪሴ እመለሳለሁ።

ድሬ ላይ ፀሐይዋን ስለምናውቃት ሥራ በማለዳ ይገባና ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ተመልሶ የሚከፈተው ዘጠኝ ተኩል ነው። በመካከል ያለው ሰዓት የጫት ነው። በዚህ ምክንያት ድሬሰራችን ሁለት ሰው ነበሩ። የጠዋቱ ዝምተኛ ናቸው፤ «ጨጓራ» ብለው ይዘጉታል። የከሰዓቱ ግን መርቅነው ስለሚመጡ ጨጓራውን ያብራሩታል። ጨጓራ የሰውነት ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው፣ ራስም ይታመም ጉልበት፣ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለእሱ ነው እያሉ፣ እጄን ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። በመስመራችን ቶሎ መመለስ የፈለገ ጠዋት ይሄዳል፣ መጽናናት የፈለገ ከሰዓት። መድኃኒቱ ያው ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰልችቷቸው ነው መሰለኝ፣ አዲስ መድኃኒት አዘዙልኝ፤ ባል። ስታገቢ ይተውሻል፣ ያኔ ካልተወሽ ስትወልጂ ይተውሻል አሉኝ። ነጩ መድኃኒት ቢያንስ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ነበር፤ ባሉን ግን ራስሽ ፈልጊ ተባልኩ። እናቴ ይህን ስትሰማ ዶክተሩ ገና አሁን አወቁ አለች፤ ከዚያ በኋላ ቀፊራ ገበያ በሄደች ቁጥር ከሽንኩርቱ ጋር የአንድ ጎረምሳ ወሬ ይዛ መመለስ ጀመረች። አንዱን አየሁት። ደህና ልጅ ነበር፤ የመጣው ግን በዚያ በሦስቱ ቀን ውስጥ ስለነበር ወለል ላይ ተጠቅልዬ አገኘኝ፣ ተመልሶም አልመጣ።

በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ነበረን። በአንድ በኩል የወሩ ኮከብ ሠራተኛ፣ በሌላው በኩል የወሩ ቀሪዎች ስም በጠመኔ ይጻፋል። የእኔ ስም አለመጥፋቱን ያየው ጸሐፊ መጨረሻ ላይ መደምሰሱን ተወው፤ ዙሪያውን ብቻ ይወለውለዋል። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ሦስተኛው ማለት ከሥራ መሰናበት ነው፤ እናቴና እኔ ደግሞ ከዚያ ሥራ በቀር የምንተዳደርበት ምንም አልነበረንም።

በሰባተኛው ዓመት ማሽኔ ላይ ተደፋሁ። ዚፕ ድሬሰሩን ለመጥራት አልሞከረችም። በእሷ ቋንቋ እህቴ ማለት «አባዮ» ነው፤ «አባዮ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል፣ አንቺ ግን ወላሂ አትደርሺም» ብላ ጋሪ ላይ ጫነችኝ። ያን ቀን የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነበርና ጋሪው ድልድዩን ትቶ በአሸዋውና በድንጋዩ መሃል ቆርጦ ሄደ። እዚያ ላይ የተሳደብኩትን ስድብ ለንስሐ አባቴ እስከዛሬ አልተናገርኩም።

ሆስፒታል ትርፍ አንጀት ነው ብለው ከፈቱኝ። የከፈተኝ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ጢማም ቀዶ ሐኪም ነበር። ትርፍ አንጀቴ ምንም አልሆነም። ሐኪሙ በማግስቱ አስተርጓሚ ነርስ ይዞ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማህፀን ውስጥ ብቻ መብቀል ያለበት ሽፋን ከማህፀኔ ውጭ ሆዴ ውስጥ በቅሏል አለኝ። የወር አበባ ሲመጣ እሱም ይደማል፤ ደሙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቋጥራል፣ አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። አንዱን የእንቁላል ዕጢዬን አውጥቶታል፤ የቀረው ይሥራ አይሥራ ገና አይታወቅም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። ሰባት ዓመት አልኩት። ነርሷ አሳስታ የተረጎመችው መስሎት ደግሞ ጠየቃት፤ እሷም በጣቷ ቆጥራ አሳየችው። ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆን ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ተነስቶ ሄደ።

እኔ ጨረስኩት። ስምንት ቀን ስተኛ ያንኑ ነበር የምጨርሰው። ልጅ እፈልግ ነበር። ባል ሳይኖር ልጅ አማረኝ ማለት ነውር ስለሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስ በጣም ተናደድኩ። ከንዴቱ ጋር ግን ሰው ይታዘበኛል ብዬ የደበቅሁት አንድ ደስታ ነበረኝ። ታምሜ ነበር። ሰነፍ አልነበርኩም። ሰባት ዓመት የገዛ እናቴ ሳትቀር «ትንሽ ጠንከር በይ» ስትለኝ ኖራ፣ ለካ ጠንካራ ኖሬአለሁ።

ሆዴን ተሰፍቼ ሥራ ስመለስ ስሜ ሰሌዳው ላይ ነበር። ሆስፒታል የተኛሁበት ቀን ሁሉ የድሬሰሩ ወረቀት ስለሌለው በቀሪነት ተይዟል፤ ስንብቴም በሚመጣው የሠራተኞች ስብሰባ ይወሰናል። ክሊኒክ ሄድኩና ካርዴ ላይ ያለውን ጨጓራ ሰርዘው «ታማ ነበር» ብለው እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ጠዋት ነበር። በካርድ የተጻፈ አይሰረዝም አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ ደግሞ ጨጓራውም ሊኖር ይችላል እኮ አሉ።

ከክሊኒኩ በቀጥታ የሄድኩት ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። የሰው ችግር ሁሉ ናሙና አላቸው። ባል ነው፣ ቤት ነው፣ ድንበር ነው ብለው ጠየቁኝ። ሐኪም ነው አልኳቸው። ሐኪም የሚባል ናሙና የለኝም ብለው አዘኑ። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሲያስቡ ቆዩና በቀን ስንት ኪስ እንደምሰፋ ጠየቁኝ። ከዚያ በወር ሦስት ቀን፣ በሰባት ዓመት፣ እያሉ አባዙት፤ የኪሱ ብዛት እኔንም አስደነገጠኝ። ርዕሱን በትልቁ ጻፉት፤ «በጨጓራ ስም በምርት ላይ የተፈጸመውን በደል ይመለከታል»። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሠራዊቱ ኪስ አልባ ሱሪ ከጻፉ በኋላ ከሥር ሦስቱን ጥያቄዎቼን አሰፈሩ። ስሜ ከሰሌዳው ይጥፋ። ስንብቱ ይቅር። ድሬሰሩ ስህተታቸውን በሠራተኛው ፊት አምነው ካርዴን ያስተካክሉ። ሲያነቡልኝ ጉዳዩ የእኔ መሆኑን ባላውቀውም አስለቀሰኝ። በዚያው ዕለት ለመስፊያ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገባሁት።

በማግስቱ ለዚፕ በኩራት ነገርኳት። ማሽኗን አቆመች።

«አባዮ፣ ምርት ላይ በደል ነው ያልሽው? አቦ፣ ይሄ ክስ አይደለም። ሰውዬውን ያስሩታል።»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን ምርት በደለ ማለት የኢኮኖሚ አሻጥር ማለት ነው፤ በዚያ ስም የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሮጬ ጽሕፈት ቤት ሄድኩና ማመልከቻዬን መልሱልኝ አልኩ። መዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ አይወጣም ተባልኩ። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች፤ ያ ደግ ሰው በእኛ ምክንያት ሊጠፋ ነው አለች። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ቃል እንዲጻፍልኝ ነው። አሁን ግን ዝም ብል ሥራዬን ላጣ፣ ብናገር ሰው ላጠፋ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ምግብ ቤቱ ውስጥ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ነው። መድረኩ ላይ የፖለቲካ ኃላፊው ጓድና ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ድሬሰሩ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ማመልከቻዬ ተነበበ። ከዚያ አንድ ጨርቅ ቆራጭ ተነሳና እንዲህ ያለ በሽታ በጭቁኑ ሕዝብ ዘንድ አይታወቅም፣ የቡርዧ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ሲል አስተያየት ሰጠ። በሽታው አለ ወይስ የለም የሚለው ሩብ ሰዓት አከራከረ። የቀዶ ሐኪሙን ደብዳቤ አወጣሁ። በባዕድ ቋንቋ ስለተጻፈ ያነበበው የለም፤ ማህተሙ ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ አንዳንዱ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ኃላፊው ሐኪሙ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከወዳጅ አገር ከሆነማ በሽታው አለ አለ። እንዲህ ነው ሕመሜ በይፋ የታወቀው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ኃላፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛና በሽታው ካለ ሰባት ዓመት የደበቀው ማን ነው፣ ለምን ዓላማ ደበቀው አለ። አንገት ሁሉ ወደ ድሬሰሩ ዞረ። ተነሱ። ቅድም የቃሙት ሁሉ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር። ያ ስለ ጨጓራ ግማሽ ሰዓት የሚናገር አፍ ደረቀ። ሳያቸው ንዴቴም ፍርሃቴም አንድ ላይ ወጣ፤ ስፌቴን በእጄ ደግፌ ቆምኩ።

«ጓዶች፣ እኒህ ሰው የደበቁት ነገር የለም። አያውቁም ነበር። አያውቁም ያላቸው ሰው ደግሞ የለም፤ ሁላችንም ዶክተር እያልናቸው ነው የኖርነው። ለእኔ ብቻ ነው ጨጓራ ያሉት? እዚህ ቤት ጨጓራ ነው የተባለ እስቲ እጁን ያውጣ።»

ዚፕ ቀድማ አወጣች፤ እሷን ጥርሷን አሟት ነው። ቀበቶ ማስገቢያ ለጉልበታቸው አወጡ። ዘበኛው ለጆሮው አወጣ። ያ ቡርዧ ያለው ቆራጭ መቀስ ለቆረጠው ጣቱ፣ ጣቱን ራሱን አወጣ። በመጨረሻ ቤቱ ሁሉ እጅ ሆነ። ኃላፊው ወዲያና ወዲህ አየና፣ የራስ ምታቱን አስታውሶ ነው መሰለኝ፣ እሱም ቀስ ብሎ እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ። ሳቅ ፈነዳ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ የሦስት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ስለዋለ ጆሮው ከሥራ ውጭ ነበር። ቀና ሲል ያየው የእጅ ጫካ ነው። በልማዱ የተቃወመ አለ ብሎ ጠየቀ። በሳቁ መሃል የመለሰለት የለም። ድምፀ ተአቅቦ አለ አለ። የለም። «የጓዲት ሦስት ጥያቄዎች በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል» ብሎ ጻፈና ማህተሙን አሳረፈበት። ኃላፊው ምን ነው የጸደቀው ብሎ ወደ መዝገቡ ሲያጎነብስ እጁ ገና አልወረደም ነበር። የሰፊውን ሕዝብ ውሳኔ መሻር ከባድ ነው፤ የራሱ እጅ ያለበትን መሻር ደግሞ የባሰ ነው። ትንሽ አሰበና ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አለ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ይታሰሩ የሚል አልነበረምና ድሬሰሩም አልታሰሩ።

በሦስተኛው ጥያቄ መሠረት ግለ ሂስ አደረጉ። ጨጓራን ከሚገባው በላይ አምኜአለሁ፣ ከእምብርት በታች ያለውን የሕዝቡን አካል በቸልታ አይቻለሁ አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነው። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ካርዴን አውጥተው በጥሩ ጽሕፈት «ታማ ነበር» ብለው ጻፉ፤ ፈርመውም ሰጡኝ።

የዚያ ሳምንት እሑድ ከሰዓት ቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በጫት ሰዓት ሳይቅሙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ደንግጣ ወንበር ጠረገች። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት አወሩ። ከዚያ ያ ቀዶ ሐኪም ሌላ ሰው ያይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንን አልኳቸው።

«ባለቤቴን» አሉኝ። «የማክማት እኔው ነኝ።»

ከማን ወገን እንደሆንኩ ግራ ገባኝ። ሰባት ዓመት የጠላኋቸው ሰው ወለሉን እያዩ እፊቴ ተቀምጠዋል፤ ልጠላቸው ፈለግሁ፣ አቃተኝ። እሳቸው ሆስፒታሉ በር ላይ መታየት አፍረዋል። ሰኞ ዕለት ሚስታቸውን ይዤ ሄድኩ።

ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንት ዓመት እንደታመምኩ ጠየቁኝ፤ ሰባት አልኳቸው። እሳቸው ከታመሙ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። የባላቸው ዘመዶች ፍታት ሲሉት እሱ አልፈታኝም፣ ደግ ነው፣ ሲያመኝ ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ሲያሽ ያድራል አሉኝ። ከዚያ በስብሰባው ላይ ምን እንደተወሰነልኝ ጠየቁ። ባላቸው ካርዴ ላይ ታማ ነበር ብለው እንደጻፉልኝ ነገርኳቸው። ላየው አሉ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ የባላቸውን ፊርማ አዩ፣ አጣጥፈው መለሱልኝ።

«እኔ ካርድ የለኝም» አሉኝ።